በአሮጌዋ አምቡላንስ ወደ መንገዱ መጨረሻ

ቅዳሜ፣ ማርች 1፤ ኤስኬል

ነገ ጠዋት እነሳለሁ። ሶሌዳድ ዛሬ ደጋግማ ደወለች። ልጄ ባሂያ ብላንካ ቁጭ ብላ እኔን እዚህ ልትጠብቀኝ ትፈልጋለች።

«ማማ፣ በስልሳ ስድስት ዓመትሽ አርባ ቁጥር መንገድን እስከ ጫፉ ብቻሽን ልትነጂ ነው?»

«ከማን ጋር ልንዳው? አባትሽ እንደሆነ አዲሷን ሚስቱን ይዞ ሜንዶሳ ወይን ይለቅማል።»

ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከዚያ ወደ ድሮው ጥያቄዋ ተመለሰች። ጸጉር ቤቱን ለምን ዘጋሽው? ነግሬአታለሁ እኮ። የዛሬ አምፖል ብርሃን የለውም። ደጋግሜ አስቀየርኩ፣ ያው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳሳምር ኖሬ አሁን በድንግዝግዝ አልሠራም።

መኪናዬ ተዘጋጅታለች። ማዘጋጃ ቤቱ በጨረታ ሲሸጣት የገዛኋት አሮጌ አምቡላንስ ናት። በሽተኛ ይተኛበት የነበረው ቦታ አልጋዬ ሆኗል፤ የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ስኳርና ሽንኩርት ይዟል፤ ከበሩ ጀርባ ትንሽ ምድጃ አለችኝ። ውጪዋን ቢጫ ቀለም ቀባኋት። ቀዩ መስቀል ግን ከሥር ገፍቶ ብቅ አለ። ደግሜ ቀባሁት፤ ደግሞ ብቅ አለ። እንደ ፍጥርጥሩ ብዬ ተውኩት።

መቀሶቼን፣ ቶንዶዜንና ነጩን ጨርቅ ይዣለሁ። እዚያ በረሃ ያሉ በግ አርቢዎች ጸጉር ቤት የት ያገኛሉ? እግረ መንገዴን አስተካክላቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ማርች 4፤ ጎቤርናዶር ኮስታ

ነፋስ። በሩን ስከፍት እኔንም በሩንም ይዞን ሊሄድ ነበር። ለቁርስ ያስቀመጥኩት ቂጣ ከእጄ ላይ በረረ። ይኼኔ ባሕር ደርሷል።

ነዳጅ ቀዳሁ። ቀጂው ሰውዬ መስቀሉን አይቶ «ማን ታመመ?» አለኝ። «ማንም» ስለው ቅር አለው።

ደህና ነኝ። በጣም ደህና ነኝ። መኪናዋ ትዘፍናለች፣ እኔም እዘፍናለሁ፣ የሚሰማን የለም።

ዓርብ፣ ማርች 7፤ ሪዮ ማዮ

ዛሬ አንድ ጓናኮ፣ ያ ሲናደድ የሚተፋ አንገተ ረጅም የግመል ዘመድ፣ መንገድ ዳር ቆሞ አገኘሁ። ይሻገር ብዬ ቆምኩለት። አልተሻገረም። ጥሩምባ ነፋሁ። አልተሻገረም። ወርጄ እጄን እያወናጨፍኩ ጠጋ አልኩ። ቁጥቋጦ ነው። አንገት የመሰለ ቅርንጫፍ ነበረው፤ ማንም ሰው ይሳሳታል። ከኋላዬ የቆመው የከባድ መኪና ሹፌር ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እመቤት፣ የካላፋቴ ፍሬ ለመልቀም ነው መንገድ የዘጉት?» አለኝ።

«አዎ፣ ልትቀምስ ትፈልጋለህ?» አልኩት። ፍሬ አንድ እንኳ አልነበረበትም።

ለሶሌ ነገርኳት፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «ማማ፣ መነጽርሽን ቀይረሻል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዋሸኋት። መነጽር ሠሪው ዘንድ እሄዳለሁ ብዬ ነበር፤ ጊዜ አላገኘሁም። ጡረተኛ ሥራ ይበዛበታል።

እሑድ፣ ማርች 9፤ ከሪዮ ማዮ በስተደቡብ

ትልቅ የበግ እርሻ ውስጥ አደርኩ። ሰባት ሠራተኞች አሉ፤ ሁሉም ጸጉራቸው ትከሻቸው ላይ ወርዷል። በር ላይ ወንበር አስወጥቼ ነጩን ጨርቅ አንገታቸው ላይ እያሰርኩ አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው። ደስታዬ ልክ የለውም። መቀስ እጄ ሲገባ ሃያ ዓመት ይቀንስልኛል።

አንዱ ጆሮው ትንሽ ደማ። አስሎ ነው። አንዱ ደግሞ በቀኝ በኩል ትንሽ አጠረበት፤ በግራ ላስተካክል ስል ግራው አጠረ፤ ቀኙን ደግሜ... በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ ላጨሁት። «ክረምት እየመጣ መስሎኝ ነበር፣ ለካ በጋ ነው» አለ ራሱን እየዳሰሰ። ሌሎቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ።

ለምሳ ሙሉ በግ ጠበሱልኝ። ሁሉም ቆባቸውን አድርገው በሉ። ነፋስ አገር ነው፣ ሰው ቆብ ይወዳል።

ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ በቅል እየተቀባበልን ስንጠጣ ከበረቱ ጀርባ ሁለቱ ሲያወሩ ሰማሁ። «ምስኪን፣ ዕውር እኮ ናት፤ እንዲህ ሆና ለብቻዋ እንዴት ለቀቋት?» አለ አንደኛው። ስለ አሮጊቷ ባዝራ ነው የሚያወሩት፤ ጠዋት አይቻታለሁ፣ አጥር ላይ ተደግፋ ትቆማለች። አዘንኩላት።

ረቡዕ፣ ማርች 12፤ ባሆ ካራኮሌስ

የቀኙ ስፖኪዮ ተሰበረ። ነዳጅ ማደያው በር ላይ ዓምድ ተክለዋል። ዓምዱን አላየሁትም፤ አይቼው ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

«ማነው እዚህ ቦታ ላይ የተከለው?» ብዬ ጮህኩ።

«አያቴ» አለ የማደያው ልጅ።

ስፖኪዮውን በሽቦ አስረን መለስነው። አሁን የሚያሳየኝ ሰማይን ነው። ከኋላዬ ሰማይ እየተከተለኝ ስነዳ መዋሌ መጥፎ አይደለም።

ሶሌ ማታ ደወለች። «ምን ይታያል እዚያ?»

«በጣም ያምራል።»

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፤ ማለት ቆረጥኩት።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ከእንግዲህ ፀሐይ ስትጠልቅ አልነዳም። ወስኛለሁ። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ማታ ለመጽሐፍ ነው። ሦስት መጽሐፍ ይዣለሁ፣ አንዱንም አልጀመርኩም፤ ፊደላቸው የጉንዳን እግር ነው። ደግሞም ትናንት ከፊት የመጣው መኪና መብራቱ እንደ ርችት ተበተነ። መንገዱም ሰማዩም አንድ ነጭ ነገር ሆነ። እንዲህ ዓይነት መብራት መከልከል አለበት።

ዛሬ ደግሞ አንዲት ሴት ከሩቅ እርሻ ልጇን አዝላ እየሮጠች መጣች። «እግዚአብሔር ነው አምቡላንስ የላከልኝ!» አለች። ልጅቷ ጣቷ ላይ እሾህ ገብቶባታል። ጣቷን ይዤ አገላበጥኩት፣ ወደ ፀሐይ አዞርኩት፣ ወደ ጥላ አዞርኩት።

«ይህ እሾህ በሰው ዓይን የሚታይ አይደለም» አልኳት።

እናቲቱ ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ላጥ አድርጋ አወጣችው። የክብሪት እንጨት ያህላል። «አመሰግናለሁ ዶክተር» ብላኝ ሄደች፤ ስድስት እንቁላል ትታልኝ። በላሁት፤ ግን አልጣመኝም።

ሰኞ፣ ማርች 17፤ ወደ ጎቤርናዶር ግሬጎሬስ መግቢያ

ማንም ምንም አልሆነም። ደግሜ ልጻፈው፤ ማንም ምንም አልሆነም።

ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ብርድ ነው።

ማክሰኞ፣ ማርች 18፤ ግሬጎሬስ

ብስክሌተኛ ነበር። ከውጭ አገር የመጣ ጎረምሳ፤ ዕቃውን ጭኖ በመንገዱ ዳር ይሄዳል። ከጎኔ ሽው ብሎ አለፈ፤ ማለት እኔ ነኝ ሽው ብዬ ያለፍኩት። ገደል ባይሆንም ቦይ ውስጥ ገባ። ቆሜ ወርጄ ሮጥኩ። ተነስቶ ሱሪውን እያራገፈ ይስቃል። ምን ዓይነት ሰው ነው የሚስቀው! አቅፌው አለቀስኩ፤ እሱ ደግሞ ጀርባዬን ይመታልኛል፤ ቋንቋ አንግባባም። ፓስታ ቀቅዬ አበላሁት። ማሰሮውን ሙሉ በላ።

ቀይ ጃኬት ነበር የለበሰው። ቀይ። ቅርብ ሆኜ ነው ያየሁት።

ከዚህ ብመለስስ? ኤስኬል ሩቅ ነው፣ መንገዱ የሚያልቅበት ካቦ ቪርሄኔስም ሩቅ ነው። ሁለቱም ጋ ለመድረስ መንዳት ነው። እንግዲህ ወደ ፊት ልሂድ፤ ቀስ ብዬ፣ በጠራ ቀን፣ ጥሩምባ እየነፋሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 20፤ የሩፊኖና የዶራሊሳ ቤት

ከግሬጎሬስ ወደ ደቡብ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ይጀምራል። ነፋሱ በጎን መጥቶ መኪናዋን ሊገለብጣት ሲደርስ ወደ አንድ የእረኞች ቤት ታጠፍኩ። የቆርቆሮ ጣራ፣ ሁለት ዛፍ፣ አራት ውሻ። ሩፊኖ የሰው በግ ይጠብቃል፤ ሚስቱ ዶራሊሳ ደግሞ እሱን ትጠብቀዋለች። ሁለቱም ሃምሳ አይሞላቸውም። ሰው ካዩ ወር አልፏቸዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው የሚያወሩት።

«ነፋሱ እስኪበርድ ከዚህ ንቅንቅ አይሉም፣ ዶኛ ኔሊ» አለችኝ ዶራሊሳ።

«መቼ ነው የሚበርደው?»

«እኔ ካገባሁ በኋላ አልበረደም» አለ ሩፊኖ። በፎጣ ጀርባውን አለችው።

በጮማ የተጠበሰ ትኩስ ቂጣ በላን። ዶራሊሳ የማቴውን ቅል ስትዘረጋልኝ እጄ ስቶ አየር ጨበጠ። ቅሉን መዳፌ ውስጥ አስቀመጠችው።

«ዓይንዎ ምን ሆነ?»

«አቧራ ገብቶብኝ ነው።»

«እህ» አለች። አቧራ እንዳልሆነ በሚያውቅ ሰው «እህ» ነው ያለችው።

እሑድ፣ ማርች 23፤ ግሬጎሬስ፣ ሆስፒታል

አልተኛሁም። ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ሕልም ይመስለኛል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የሩፊኖ ፈረስ ብቻውን መጣ። ኮርቻው ተንሸራቶ ሆዱ ሥር ተንጠልጥሏል። ዶራሊሳ ውሾቹን ለቀቀች፤ ተከተልናቸው። ከኮረብታው ጀርባ አገኘነው፤ ድንጋይ ላይ ተደግፎ ሲጋራ ያጨሳል። ፊቱ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች እግር መሄድ በሌለበት አቅጣጫ ዞሯል።

«ፈረሱ ጉድጓድ ረገጠ» አለ። «እሱ ደህና ነው?»

«ከአንተ ይሻላል» አለች ሚስቱ፤ ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች።

የእነሱ መኪና ሞተሩ ወርዶ ጎተራ ውስጥ ተቀምጧል። የሬዲዮ መገናኛቸው ባትሪ ከሞተ ሰንብቷል። ስልክ እዚያ አይሠራም። መስኩን አቋርጬ አምቡላንሷን አጠገቡ አደረስኳት። ፍራሼን አንስተን ከሥሩ ያለውን ቃሬዛ አወጣን። ጫንነው፤ ሲጮህ የሰማሁትን አልጽፈውም።

ፀሐይዋ ልትገባ ነበር። ዶራሊሳ ጋቢና ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ እኔን ታያለች። እኔ መሪውን ይዤ ተቀምጫለሁ። ቁልፉን አላዞርኩም።

«ዶራሊሳ፣ እኔ ማታ አላይም።»

«ማታ ብቻ?»

እስከ ዛሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለሶሌም፣ ለራሴም፣ ለዚህ ደብተርም አልተናገርኩትም። «ቀንም ብዙ አላይም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ትናንት ጠዋት ሚስማር ላይ ለተሰቀለው ኮት "ሩፊኖ፣ እንዴት አደርክ" ብለውታል። ሩፊኖ ውጪ ነበር።»

ከኋላ ሩፊኖ፦ «ኮቱ ምን አላት?»

«አንተ ዝም በል! ዶኛ ኔሊ፣ እኔ መንዳት አልችልም። ዓይን ግን አለኝ፤ በሌሊት በግ ከድንጋይ የሚለይ ዓይን አለኝ። እርስዎ እጅ ይሁኑ።»

ብናድር ይሻላል ወይ ብዬ አሰብኩ። እግሩን ዘወር ብዬ አየሁት፤ ለእኔ እንኳን እስኪታየኝ አብጧል። ቁልፉን አዞርኩ።

መጀመሪያ ላይ «ግራ፣ ቀኝ» ትለኝ ነበር። በድንጋጤ ሁለቱን አምታታቻቸው፤ አጥር ልንገባ ለጥቂት ተረፍን። ከዚያ በኋላ ቋንቋ ቀየረች። «ወደ እኔ! ወደ እኔ! በቃ። አሁን ወደ አንቺ፣ ትንሽ ወደ አንቺ፣ ቀጥ!» እርስዎ መባሌ የት ላይ እንደቀረ አላስታውስም። እኔም በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ ጆሮዬን ዓይን አድርጌ እነዳለሁ።

«ድንጋይ! ወደ አንቺ! ጓናኮ፣ ቁሚ!»

ቆምኩ። «እርግጠኛ ነሽ ጓናኮ ነው? አንዳንዴ ቁጥቋጦ ይሆናል» አልኳት።

«ቁጥቋጦ አይተፋም» አለች። ጠበቅናቸው፤ ብዙ ነበሩ መሰለኝ፣ ኮቴያቸው ጠጠሩ ላይ ሲያልፍ ይሰማኛል።

ሩፊኖ ከኋላ ሕመሙ ሲብስበት ይዘፍናል። ድምፁ አስቀያሚ ነው። «መንገዱ ቢሻልስ ዘፈኑን ትተዋለህ?» አልኩት። «ሾፌሯ ብትሻል እተወው ነበር» አለኝ። ሦስታችንም ሳቅን፤ እሱ ሲስቅ እግሩ ተነካና እንደገና ጮኸ።

አስፋልቱ ጋ ልንደርስ ስንል ከፊት ከባድ መኪና መጣ። መብራቱ ጋቢናውን ሞላው። ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ፤ የራሴን እጅ አጣሁት። ፍሬን ልረግጥ ስል ዶራሊሳ በእጄ ላይ መሪውን ጨበጠች።

«አትቁሚ፤ ከኋላም መኪና አለ። ይዤዋለሁ። በዚሁ፣ በዚሁ፣ በዚሁ...»

ከባዱ መኪና እየጮኸ አለፈ። ጨለማው ሲመለስ ደስ አለኝ፤ ጨለማ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሷ ወጥታ «ይህ አምቡላንስ ከየት ነው?» አለች። ሩፊኖን ወስደው በሩን ዘጉ። እኔና ዶራሊሳ ደረጃው ላይ ተቀምጠን አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለበስን። እዚያው አነጋን። ከዚያ እሷ «ኮቱ እኮ ቆንጆ ኮት ነው፣ ሰላም ቢሉትም አይገርምም» አለች።

ሰኞ፣ ማርች 24፤ ግሬጎሬስ

የሩፊኖ አጥንት ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሪዮ ጋዬጎስ ወስደው ብረት ያስገቡለታል። እግሩ ይተርፋል። ቢያድር ኖሮ ግን እንጃ ብላለች ዶክተር ፔራልታ። ልጅ ናት፤ ጸጉሯ ወፍራምና ጥሩ ነው፣ ግን ራሷ በመቀስ የቆረጠችው ይመስላል።

«ማነው በዚያ መንገድ በሌሊት የነዳው?» ስትል ሁለታችንም እጃችንን አወጣን። ነገሩን ዶራሊሳ ነገረቻት፤ ከነኮቱ። ዶክተሯ አልሳቀችም። ክንዴን ይዛ አንድ ክፍል አስገባችኝ።

«እስኪ ፊደሎቹን ያንብቡልኝ።»

«የቶቹን?»

መብራቷን ዓይኔ ውስጥ ከትታ ብዙ ቆየች። «ዶኛ ኔሊዳ፣ ሁለቱም ዓይንዎ ላይ ሞራ አለ። ከባድ ሞራ። ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ጸጉር ቤቴን ከመዝጋቴ በፊት ጀምሮ» አልኳት። አምፖል ምናምን አላልኩም።

«ለምን ሐኪም ጋ አልሄዱም?»

እናቴ በመጨረሻ ዘመኗ ግድግዳ እየዳሰሰች ነበር የምትሄደው። ዓይኗ እንደ ወተት ሆኖ ነው የሞተችው፤ እርሻ ላይ፣ ሐኪም ሳያያት። እኔም ተራዬ ደረሰ ብዬ ነው። ሐኪም ጋ ብሄድ «አለቀልሽ» ሊለኝ ነው። እንግዲያው የመንገዱን መጨረሻ ሳይጠፋብኝ አንዴ ልየው ብዬ ተነሳሁ። ይህን ሁሉ አንገቴን ደፍቼ ነገርኳት።

«የእናትዎም ይወጣ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «የእርስዎም ይወጣል። አጭር ቀዶ ሕክምና ነው።»

ውጪ ወጥቼ አምቡላንሷን ተደግፌ አለቀስኩ። ለእናቴ ነው መሰለኝ።

ከዚያ ለሶሌ ደወልኩ። ብስክሌተኛውን ጭምር ነገርኳት። ጮኸች፤ ዓይን ያወጣ ውሸታም አለችኝ፤ ልክ ናት። ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። «ሶሌ?» አልኩ። «እያለቀስኩ ነው፣ ቆዪ» አለችኝ።

ዓርብ፣ ማርች 28፤ ሪዮ ጋዬጎስ

መኪናዬን ሆስፒታሉ ግቢ አቁሜ ከሩፊኖ ጋር በእውነተኛ አምቡላንስ መጣሁ። የእኔዋ ትሻላለች፤ ይህቺ ሽንኩርት እንኳ የላትም። እኔና ዶራሊሳ አንድ እንግዳ ማረፊያ ይዘናል። እሷ ከተማ ስትመጣ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው፤ መንገድ ስንሻገር እኔ የእሷን ክንድ እይዛለሁ፣ እሷ የእኔን።

የአንድ ሰው የዓይን ቀዶ ሕክምና ተራ ተሰርዞ ለሰኞ ገባሁ። እፈራለሁ። ዶራሊሳ «በግ ስናክም እኮ ያለ ማደንዣ ነው» ብላ አጽናናችኝ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

ነጭ! ነጭ ማለት ይህ ኖሯል! በአዲሱ ዓይኔ ሳይ አንሶላው ነጭ ነው፤ በአሮጌው ሳየው ሻይ የተደፋበት ይመስላል። አንዱን እየጨፈንኩ አንዱን እየከፈትኩ ስጫወት ዋልኩ። ነርሷ «ይተኙ» እያለች ትቆጣኛለች፤ ነርሷ ማድያት አላት፣ ቆንጆ ናት።

ዶራሊሳ ፊቷ ላይ የሣቅ መስመሮች አሉ። ከድምፅዋ ተነስቼ ሌላ ሰው ነበር የሣልኩት፤ ወፍራምና ቁመተ ረጅም። ቀጭንና አጭር ናት። «አንቺ ማነሽ?» አልኳት። «ኮቱ ነኝ» አለችኝ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 17

ሁለተኛውም ዓይን ተሠራ። ሶሌ ሳትነግረኝ በአውሮፕላን መጣች። ጠዋት ፋሻው ሲነሳ ከፊቴ ቆማለች፤ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ልትቆጣኝ ተዘጋጅታ።

ያየሁት ጸጉሯን ነው። ከግንባሯ ጀምሮ ወደ ኋላ ነጭ የሸረሪት ድር ገብቶበታል።

«ሶሌ፣ ሸብተሻል!»

«አራት ዓመት ሆነኝ፣ ማማ።»

«አራት ዓመት? እኔ አይደለሁ እንዴ የምቆርጥልሽ?»

«አንቺ ነሽ» አለች። «በየገናው። አንዴም ስላልተናገርሽኝ፣ እናቴ ደግ ናት፣ እያየች ዝም አለችኝ ብዬ ነበር።»

የሚቆጣው ማን፣ ቁጣ የሚገባው ማን እንደሆነ ጠፋን። አቀፈችኝ። ያ ሁሉ ዘመን ልጄን በጣቴ እንጂ በዓይኔ አላየኋትም ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ቀለም ገዝቼ እንግዳ ማረፊያው መታጠቢያ ቤት ውስጥ አስቀመጥኳት። ዶራሊሳ ፎጣ ያዘችልን። መስመሩን ቀጥ አድርጌ ከፈልኩት፤ እንደ ክር ቀጥ ያለ መስመር።

ስጨርስ መስታወት አይታ «ይህ ጥሩ ነው» አለች፤ ቀጥላም «አሁን አብረሽኝ ባሂያ ብላንካ ትመጫለሽ» አለች።

«አልመጣም። መንገዱን አልጨረስኩም።»

ብዙ ተከራከርን። ዶራሊሳ መሃል ገብታ «ያለ ዓይን ይህን ያህል የመጣች በዓይን የት ትደርሳለች ብለሽ ነው የምትፈሪው?» አለቻት። ሶሌ ሳቀች። ሐኪሙ ከፈቀደ ብቻ፣ በቀን ብቻ፣ በየቀኑ እየደወልሽ ብላ አስማለችኝ። ማልኩ። ይህንን መሐላ እጠብቀዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24፤ የሩፊኖና የዶራሊሳ ቤት

ሐኪሙ ፈቀደ። ሶሌ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ እኛ ሦስታችን በአውቶቡስ ግሬጎሬስ ደርሰን አምቡላንሷን ወሰድን። ሩፊኖ ከነጀሶው ከኋላ ተኛ። መኪናዬ ቢጫ አይደለችም ለካ! የበሰለ ብርቱካን ቀለም ነው የቀባኋት። ቀለም ሻጩ ነግሮኝ ነበር፣ አላመንኩትም።

ኮረኮንቹን በፀሐይ አየሁት። ድንጋዩ ለየብቻው ነው፣ ሣሩ ለየብቻው ነው፣ ሩቅ ያሉት ተራሮች ጠርዝ አላቸው። ዶራሊሳ ልማዷ አልለቀቃትም።

«ወደ እኔ! ጉድጓድ!»

«አየሁት።»

«ጓናኮ፣ ሦስት!»

«አራት ናቸው። አንዷ ግልገል ናት፣ ከእናቷ ጀርባ።»

ዶራሊሳ አንገቷን ሰግጋ ተመለከተች። ከዚያ ክንዷን መስኮቱ ላይ ደግፋ ቤቷ እስክንደርስ መንገዱን ለእኔ ተወችው። ከኋላ ሩፊኖ ተኝቶ ያንኮራፋል።

ስንለያይ ዶራሊሳ ሙሉ ከረጢት ቂጣ አስያዘችኝ። «እርስዎ» ልትለኝ ሞከረች። እምቢ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 29፤ ካቦ ቪርሄኔስ

ደረስኩ። መንገዱ ከዚህ በላይ የለም። ለመርከቦች የሚያበራው መብራት ቤት አለ፣ ገደሉ አለ፣ ከዚያ ባሕር ብቻ።

ፔንግዊኖቹ ለክረምቱ ሄደዋል፤ የቀሩት ጥቂት ናቸው። የመብራት ቤቱ ጠባቂ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው፣ ማቴውን ይዞ አጠገቤ መጣ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ፔንግዊኖቹ ወደ ባሕሩ ሲሄዱ አየናቸው። አምስቱ ተሰልፈው ገቡ። አንዱ ቀረ። ውኃው እግሩን ሲነካው ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ያስባል፣ ደግሞ ይሄዳል።

«ብቻዎን ነው የመጡት?» አለኝ ጠባቂው።

«ብቻዬን። ግን ብዙ ሰው ነው ያደረሰኝ።»

ፔንግዊኑ በመጨረሻ ትልቅ ማዕበል ሲመጣ ራሱን ወረወረ። ተነስቼ አጨበጨብኩ። ጥቁር ራሱ ውኃው ላይ ብቅ አለ፣ ጠለቀ፣ ራቅ ብሎ ብቅ አለ። ዓይኔን ሳልነቅል ተከተልኩት። ቅል ሙሉ ማቴ በእጄ ላይ ቀዘቀዘ።

«አሁንም ይታይዎታል?» አለ ጠባቂው።

«አዎ። እዚያ፣ ከነጩ አረፋ በስተግራ። አዎ... አዎ... አሁን ጠፋኝ።»

«እኔንስ ከጠፋኝ ቆየ» አለኝ።